ሁለት የቅጥር ደብዳቤ፣ አንዱ ከአገር ውስጥ አንዱ ከውጭ፦ የቱን ልፈርም?

በዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ መነሻው ጥያቄ የእኔ ነው። ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ረዘመ፤ መሀል ላይ ደግሞ ስለ ኦክስጅን ጠብ ተነሣበት። አዲስ የሚገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ስለጠፋበት አወያዩ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ ቃል እንዳሰፍር ጠየቀኝ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ተራ ናቸው። የማንንም ንግግር እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻ። የጠየቅኩት ይህን ነበር። ሥራዬ የዕቃ አቅርቦት ዕቅድ ነው፤ 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዱ እዚሁ አገሬ፣ አሁን ካለሁበት አንድ እርከን ከፍ ያለ ነው። ሌላው ባሕር ማዶ፣ በማዕረግ እኩያው፣ በደመወዝ ግን የሚያስጎመጅ ነው። የአገር ውስጡን ያልተጣራ ደመወዝ 100 ብንለው የውጭው 260 ይሆናል። መልስ የምሰጥበት ጊዜ 14 ቀን። ትዳር አለኝ፤ የባለቤቴ ሙያ ፋርማሲ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ አለችን፤ እናቴ የምትኖረው ብቻዋን ነው። የአገሮቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ስም ከተጠራ ወሬው ስለ አገሮቹ ይሆንና ስለ ሥራው የሚያወራ አይገኝም። 260 ከ100 እንደሚበልጥ ልጄም ታውቃለች። እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ምን እንደሆነ ግን ለራሴም መናገር አቃተኝ። ይህን ያለፈበት ሰው ካለ አንዱን ከሌላው በምን እንደለየ እንዲነግረኝ ጠየቅኩ።

1። ሁለት መስመር ብቻ። ሂድ ብሎ በወንድ አዘዘኝ። ይህ የሚጠየቅ ነገር እንዳልሆነ፣ ጊዜዬን እዚህ ከማጠፋ ሻንጣ ብገዛ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። ይህ ሰው መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

2። እኚህ ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስለኛል፤ ሰላምታቸው ብቻ አንድ አንቀጽ ነበር። ወንድሜ ብለው ጀመሩና እሳቸውም በ34 ዓመታቸው ተመሳሳይ ጥሪ መጥቶላቸው እንደቀሩ አወጉ። አይጸጸቱም፤ ግን ዓመታት ሙሉ ማታ ማታ በሐሳባቸው እዚያ ይኖሩ እንደነበር አልደበቁም። ከሁሉ በፊት ከሚስትህ ጋር ተማከር አሉኝ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውንም ተረት ጨመሩ። እኔ የሳቅኩት ተረቱ የአገር ውስጡን መሥሪያ ቤት ሰይጣን ማድረጉን እሳቸው ልብ ስላላሉት ነው።

3። የሒሳብ ሰው ነኝ ያለ። መጀመሪያ ያልተጣራን ደመወዝ ከተጣራ እንዳላምታታ ገሠጸኝ፤ ልክ ነበር። በብዙ አገር ሕግ በዓመት 183 ቀን የቆየ ሰው የዚያ አገር የግብር ነዋሪ ይባላል። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች የሁለት ጊዜ ግብር ማስቀረቻ ውል መፈራረማቸውን እንድፈትሽ መከረኝ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆንኩ ደግሞ የትም ብኖር ገቢዬን ለአሜሪካ ማሳወቅ እንደማይቀርልኝ አስታወሰ። ቀጥሎ የመግዛት አቅም ልክ የሚባለውን አመጣ፦ እዚያ ዕቃ በአማካይ ሁለት እጥፍ ውድ ከሆነ 260ው በእውነቱ 130 ነው፤ ስለዚህ ከ100 ጋር ያለው ልዩነት ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም አለ።

4። ይህኛው 3ን አረመው፤ በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጎ። በዋጋ ውድነቱ የሚካፈለው እዚያው የምታወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ቆጥበህ አገርህ የምትልከው ወይም ይዘኸው የምትመለሰው ብር የሚገዛው በአገርህ ዋጋ ነው፤ እሱን ለሁለት መክፈል ስሕተት ነው አለ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ደመወዙ ስንት ነው ሳይሆን በወሩ መጨረሻ ኪስ ውስጥ ስንት ይቀራል ነው። 3 ወዲያው ተቀበለው፤ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አላየሁም።

5። ይህ የእኔ ነው። ቁጥሮቼን አወጣሁ። እዚህ ከ100ው ግብርና ጡረታ ተቀንሶ 80 ይደርሰኛል፤ የቤት ኪራይ 20፣ ኑሮ 40፣ የሚቀረኝ 20። እዚያ ከ260ው ግብርና ማኅበራዊ መድን 35 በመቶ ይወስድና 169 ይቀራል፤ ኪራይ 70፣ ኑሮ 55፣ የሚቀረኝ 44። ኪራዩንና ኑሮውን በሁለቱም በኩል እኔ ሙሉውን ብከፍል ነው ይሄ። 44 ከ20 ከእጥፍ በላይ ነው። ደስ አለኝ፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

6። አንድ መስመር። ክሩን የገለበጠችው ይህች ናት። የባለቤትሽ ደመወዝ የት ገባ ብላ ጠየቀችኝ። በቅንፍ ደግሞ ባለቤቴ የሚለው ቃል ለባልም ለሚስትም እንደሚሆን፣ እስካሁን የመለሱት ሁሉ ጠያቂው ወንድ ነው ብለው መገመታቸውን አስታወሰች። ልክ ናት፤ ሴት ነኝ። ባሌ እዚህ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፤ የተጣራ 42 ያገኛል። ያንን ሳስገባው ቤታችን እዚህ የሚተርፈው 20 ሳይሆን 62 ነው። እዚያ ባሌ ሥራ እስኪያገኝ 44 ነው፤ በዓመት አንዴ ለሦስታችን የምንገዛው የአውሮፕላን ትኬት በወር ሲመነዘር 9 ስለሚሆን 35 ይቀራል። ሠላሳ አምስት ለስድሳ ሁለት! ሦስት ቀን ሙሉ 260ን ሳይ የከረምኩት የአንድ ሰውን ደመወዝ ከአንድ ሰው ደመወዝ ጋር እያወዳደርኩ ነው፤ የሚሄደው ግን ሦስት ሰው ነው። የሒሳብ ሰው ነኝ ያለውም ይህን አላየውም ነበር፤ እኔም አላየሁትም፤ ሠርክ አብሮኝ ራት የሚበላው ሰው ደመወዝ እንዳለው ረሳሁት።

7። ባለ 2ቱ ሽማግሌ ተመልሰው እህቴ ይቅርታ አሉ። ምክሩ ግን አንድ ነው፤ ሚስት የሚለውን ባል ብለሽ አንብቢው አሉኝ። ወደድኳቸው።

8። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። ይህ ሰው ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ አገር ከለቀቀ ቤት ተቀምጦ እንደሚበሰብስ፣ ትዳሩም ሁለት ዓመት እንደማይዘልቅ በእርግጠኝነት ጻፈ። አይቻለሁ አለ፤ የት እንዳየ አልተናገረም።

9። የ6ኛዋ ምላሽ ባለቤት ናት የመለሰችለት፤ ቃላቷን እዚህ አላሰፍርም፤ አወያዩም ግማሹን ሰርዞታል። ያልተሰረዘው ክፍል ይህን ይል ነበር፦ ሚስቶች ባላቸውን ተከትለው ቤት ሲቀመጡ መበስበስ የሚለው ቃል ትዝ ያለው የለም። ሁለት ሰዎች ደግሞ ከ8 ጋር ቆሙና እነሱም ተሰረዙ። በእኔ በኩል 8 ባለጌ ነው፤ ግን የነካው ነገር ባዶ አልነበረም። ሥራ ያለው ሰው ሥራ የሌለው ሰው ሆኖ በማያውቀው ከተማ ሲነቃ ምን እንደሚሰማው ባሌን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ማታ ጠየቅኩት። መልሱ የዚህ መድረክ ጉዳይ አይደለም።

10። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ መረጃ ከዚህች መጣ፤ ራሷ አገር የቀየረች ፋርማሲስት ናት። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ፈቃዱን ይዞት አይሻገርም አለች። በታላቋ ብሪታንያ ከአውሮፓ ውጭ የተማረ ፋርማሲስት በተለምዶ የአንድ ዓመት የማዛወሪያ ትምህርት ይማራል፣ ከዚያ 52 ሳምንት በክትትል ይሠራል፣ ከዚያ የምዝገባ ፈተና ይቀመጣል። በአሜሪካ መጀመሪያ የውጭ ምሩቃን የአቻነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቀጥሎ የልምምድ ሰዓት፣ በመጨረሻ እንደ ማንኛውም የአገሩ ምሩቅ የፈቃድ ፈተና አለ። ስለዚህ የባልሽን ገቢ ለሁለት ዓመት ዜሮ ብለሽ አስቢው፤ ቀድሞ ከመጣ ትርፍ ነው አለችኝ።

ሌላው የነገረችኝ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ሥራ ይፈቅዳል ወይ የሚለውን ነው፤ ይህ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። በብሪታንያ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ይዞ የሚገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ ከገባ ጓደኛው መሥራት ይችላል፤ ብሉ ካርድ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የባለሙያ ሠራተኞች ፈቃድም እንዲሁ። በአሜሪካ ግን ኤች-1ቢ በሚባለው የባለሙያ ቪዛ የገባ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው ቪዛ፣ ኤች-4፣ በራሱ ሥራ አይፈቅድም፤ ከ2015 ጀምሮ የተፈቀደላቸው የቋሚ መኖሪያ ሒደታቸው የተወሰነ ደረጃ የደረሰላቸው ብቻ ናቸው። የቅጥር ደብዳቤ ላይ ይህ አይጻፍም። ደብዳቤው የሚያውቀው አንቺን ብቻ ነው አለች።

11። አንዱ ደግሞ ወረቀት ለሁለት ክፈይ አለኝ፤ የሚደግፈውን በአንድ በኩል የሚቃወመውን በሌላ በኩል። ዘዴው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በመስከረም 1772 ለኬሚስቱ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈለት ደብዳቤ ሦስት አራት ቀን እያሰብክ ሁለቱን ዓምድ ሙላ፣ በክብደት እኩል የሆኑትን ከሁለቱም በኩል እያጣፋህ ሰርዝ፣ የተረፈው ይመራሃል ብሎታል። ፕሪስትሊ የጠየቀውም የሥራ ጥሪ ልቀበል ወይስ ልቅር ብሎ ነበር። 250 ዓመት አልፎታል፣ ጥያቄው ያው ነው።

12። ይህ ሰው በዝርዝር አያምንም። ሰው ዝርዝሩን የሚያወጣው ልቡ አስቀድሞ የፈረደውን ለማስጌጥ ነው፤ ስለዚህ ሳንቲም ወርውሪ አለኝ። ሲሉት ቀልድ ይመስላል፤ ግን ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት በ2021 ያሳተመውን ጥናት ጠቀሰ። ከባድ ውሳኔ ላይ ቆመው የተወላወሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በድረ ገጽ ሳንቲም ወረወሩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ሳንቲሙ ለውጥ ያዘዛቸውና የለወጡት ካልለወጡት ይልቅ ደስተኛ ነን አሉ። 4 መልሶ አንድ ነገር አነሣ፤ እነዚያ ሰዎች ለሳንቲም እስኪሰጡት ድረስ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል የሆኑባቸው ናቸው፤ እሷ ገና የራሷን ቁጥር አልጨረሰችም አለው።

ከ13 እስከ 15። እዚህ ክሩ መንገድ ሳተ። 13 ፕሪስትሊ ጥሪውን ተቀብሎ እንግሊዝ ውስጥ ከሊድስ ወደ ካልን በ1773 እንደሄደ፣ እዚያ በነበረበት በ1774 ኦክስጅንን እንዳገኘ ጻፈ፤ ሥራ መቀየር እንዲህ ያደርጋል ለማለት። 14 ኦክስጅንን ቀድሞ ያገኘው ስዊድን ይኖር የነበረው ኬሚስት ሼለ ነው፣ ያሳተመው ግን በ1777 ስለሆነ ክብሩን ተነጠቀ አለ። 15 ምን እንዳገኘ የገባው ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚዬ ነው፣ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው፣ ሁለቱ ምን እንደያዙ አላወቁም ሲል 14 ተቆጣ። ከዚያ ሰባት ስምንት ጊዜ ተመላለሱ። አወያዩ ወደ ሌላ ክር አዘዋወራቸው፤ ሲሄዱም እየተጨቃጨቁ ነበር።

16። ይህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሥራ ባሕር ማዶ ይዞ የሄደና በሰባተኛው ወር የተቀነሰ ሰው ነው። ምሬት አልነበረበትም፤ ስለ ቀጣሪውም ክፉ አልተናገረም፤ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው የጻፈልኝ። የስንብት ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው። እዚያው ቀን ማታ ቪዛው በቀጣሪው ስፖንሰርነት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እንደ አዲስ አነበበ። አሜሪካ ቢሆን ሥራው ለተቋረጠበት የኤች-1ቢ ሠራተኛ ሌላ ቀጣሪ እንዲያገኝ ወይም እንዲወጣ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ብሪታንያም አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው። የአውሮፓ ብሉ ካርድ በ2021 በተሻሻለው መመሪያ መሠረት ካርዱን ከያዘ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሦስት ወር፣ ለሞላው ስድስት ወር ይታገሣል። የእሱ 60 ቀን ነበር። በ60 ቀን ውስጥ ሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ ያለው ሥራ ይገኛል ወይ? እየፈለገ ደግሞ የልጁ ትምህርት ቤት መሀል ዓመት ላይ ነው፤ የቤት ውሉ የ12 ወር ነው፤ የገዛው መኪና በጥድፊያ ስለተሸጠ በግማሽ ዋጋ ሄደ። ጓዙን ለማንሣት ቀጣሪው የከፈለለት ገንዘብ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅክ ትመልሳለህ የሚል አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጹ በፈቃድህ ብትለቅ እና ብናባርርህ ብሎ አይለይም።

አገሩ ሥራ ያጣ ሰው ደመወዝ ነው የሚያጣው አለ። እሱ ግን በአንድ ወረቀት ደመወዙንም አድራሻውንም አጣ። ሁለቱን ደብዳቤ ስታወዳድሪ ሁለቱም የተጻፉት ሁሉ ነገር ለሚሰምርበት ቀን መሆኑን አትርሺ። ያልሰመረ ቀን እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሉ ጠይቂ አለኝ።

እንቅልፍ የነሣኝ ይኼው ነበር፤ ስሙን አላወቅኩትም እንጂ።

17። የኦክስጅኑ 13 ከተባረረበት ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚረባ ነገር ይዞ። ፕሪስትሊ በሕይወት ታሪኩ ላይ ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሊድስ ላይ ቤትና በዓመት 100 ጊኒ (ከፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ) ነበረው፤ ለቤተሰቡ አይበቃም ነበር። የካልኑን ሥራ ያቀረበለት ሎርድ ሼልበርን የሰጠው በዓመት 250 ፓውንድ፣ ቤት፣ ሌላም አንድ ነገር ነው፦ ሎርዱ ቢሞት ወይም ቢለያዩ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ዋስትና። በ1780 ተለያዩ፤ ፕሪስትሊም በዓመት 150 ፓውንድ ሲከፈለው ኖረ። ፍራንክሊን የላከው ሁለት ዓምድ ሁሉም ያወራለታል፤ ፕሪስትሊ ከመሄዱ በፊት የመለያያውን ቀን ማዋዋሉን ግን የሚያነሣው የለም አለ 13። 14 ከሌላው ክር ጮኾ ለዚህም ምንጭ ጠየቀው።

18። ግብር የሌለበት አገር ሠርቶ የተመለሰ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም፤ ለውጭ አገር ሠራተኛ እንደ ጡረታ የሚሆነው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ወጥመዱ ያለው ስሌቱ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ መሆኑ ላይ ነው። የእሱ ቀጣሪ ከጠቅላላው ሲሦውን ብቻ መሠረታዊ፣ ቀሪውን የቤትና የመጓጓዣ አበል ብሎ ስለጻፈው ስድስት ዓመት ሠርቶ ሲወጣ ከጠበቀው ሲሦ ይዞ ወጣ። ጠቅላላውን ብቻ አትዪ፣ ከፋፍለው የጻፉበትን መስመር እዪ አለኝ። ለአገናኝ ኤጀንሲ ገንዘብ ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት የ1997 ስምምነት ቁጥር 181 ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበሉ እንደሚደነግግ፣ አገርሽ አጽድቃው እንደሆነ እንድትጠይቂ ብሎ ጨመረ። እኔ አልከፈልኩም፤ ግን ሌላ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል።

19። ይህ በደመወዙ ገንዘብ ላይ ተናገረ። እዳሽ በአንድ ገንዘብ ደመወዝሽ በሌላ ከሆነ ሳታውቂው ቁማር ገብተሻል አለ። ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያስቀመጠውን ወለል ድንገት ሲሰርዝ ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማይ ነካ። በፍራንክ ደመወዝ እየተከፈላቸው ድንበር ማዶ በዩሮ የሚኖሩ ሰዎች ቁርስ ሳይበሉ ሀብታም ሆኑ፤ ፖላንድ ውስጥ በፍራንክ የቤት ብድር የነበረባቸው ደግሞ እዳቸው በዚያው ቀን አበጠ። ያንቺ ኪራይ፣ ብድር፣ ለእናትሽ የምትልኪው፣ እያንዳንዱ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት። ብድር የለብንም፤ አንድ ነገር ቀለለልኝ።

20። ሊስጎርድ የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ በ1955 አሜሪካ በፉልብራይት ስኮላርሺፕ የተማሩ 200 ያህል ኖርዌያውያንን አነጋግሮ ያገኘውን አነሣች። ስድስት ወር ያልሞላቸው ደኅና ናቸው፣ ከ18 ወር በላይ የቆዩትም ደኅና ናቸው፤ መሀሉ ላይ ያሉት ናቸው የከፋቸው። ስለዚህ በዓመትሽ ብታለቅሺ አትደንግጪ፣ ያልፋል አለችኝ። 4 (ይህ ሰው እንቅልፍ የለውም) እነዚያ ሰዎች አንድ በአንድ በጊዜ ሒደት የተከታተላቸው ተመራማሪ እንደሌለ፣ የተለያየ ጊዜ የቆዩ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ጠቁሞ በዚህ ላይ የሰው ትዳር አትመሥርቺ አላት። አላት ያልኩት 20ኛዋም ሴት ስለሆነች ነው፤ በዚህ ጊዜ ያላጣራ ሰው አልነበረም።

21። ስለ እናቴ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ ገዛ እናቱ ነው የጻፈው። ባሕር ማዶ ሳለ በየሳምንቱ እሑድ ይደውልላት ነበር። ደኅና ነኝ ትለው ነበር። ሲመለስ ጎረቤቶቿ ለሁለት ዓመት ደረጃ መውጣት አቅቷት እንደነበር ነገሩት። ምክር አልሰጠኝም። እንደዚያ ብሎ ተወው።

22። ከዚህ በኋላ ይህን ማንበብ ቀላል አልነበረም፦ አንዱ ገብቶ የአገሮቹን ስም ሳትናገሪ 21 ሰው ማድከም ስድነት ነው አለኝ። ስም ብትጠሪ ኖሮ በሁለት ምላሽ ያልቅ ነበር አለ። ሁለት ሰዎች ተሟገቱልኝ፤ አንዱ ግን በከፊል ከ22 ጋር ተስማማ፤ የቪዛ ሕግ ያለ አገር ስም አይነበብም ብሎ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ፤ የ10ንና የ16ን ምላሽ ካነበብኩ በኋላ የሄድኩት የዚያን አገር ሕግ ላነብ ነው። ስሙን ግን አሁንም አልናገርም።

23። ባለ ብዙ ነገር ሰው፤ ሰው ሲቀጥር እንደኖረ ነገረን። ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ካለ በኋላ ሁለት ደብዳቤ የያዘ ሰው እንደ ለማኝ አይጠይቅም አለ። ደመወዝ ለመጨመር ከመለመን ይልቅ አንቀጽ ማስለወጥ ይቀላል፤ ምክንያቱም አንቀጽ ለቀጣሪው ዛሬ ገንዘብ አያስወጣውም። የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የጓዝ ማንሻ ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታ፣ ከተባረሩ የመመለሻ ትኬት፣ የሥራ መጀመሪያ ቀን፣ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በስልክ የተባለ ነገር አየር ላይ ይቀራል አለኝ።

24። የእኔ። ጠየቅኩ። የውጭው ቀጣሪ በሁለተኛው ቀን መለሰ፤ ጨዋ ናቸው። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ከሙከራ በኋላ ሦስት ወር ነው፤ ጥሩ። የሥራ መጀመሪያውን ቀን በአምስት ወር ገፉልኝ፤ ባሌ የቋንቋ ፈተናውን እዚህ ሆኖ እንዲወስድ። የመመለሻ ትኬት የለም። የጓዝ ማንሻው አንቀጽ ግን የሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ለአንድ ሰው አይለወጥም አሉ። ብናባርርሽም ትመልሻለሽ ወይ የሚለውን ጥያቄዬን ደግሜ ስጽፍላቸው መልሱን የሕግ ክፍል ይሰጥሻል ተባልኩ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እንዲራዘምልኝ ጠይቄም አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

ይህን ሳደርግ ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው ከወዲህኛው ወገን ነው። የ16ን ጥያቄ ለሁለቱም ደብዳቤ እኩል ላንሣ ብዬ የአገር ውስጡን ውል እንደገና አነበብኩ። በመጀመሪያ ንባቤ ዘልዬው ነበር፤ የማውቀው ዓይነት መሥሪያ ቤት ስለሆነ። የሙከራ ጊዜው ከለመድኩት ይረዝማል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ። አሁን ያለሁበትን ሥራ ለቅቄ ነው የምገባው። እነሱንም ጻፍኩላቸው። ሰባት ቀን ሆነው፤ ስልክ ደውለው አይዞሽ እሱ ለወጉ ያህል የተጻፈ ነው አሉኝ፣ በጽሑፍ ግን አልመጣም። የሚያውቁት ሰይጣን የሚለው ተረት ትዝ ብሎኝ ለ2ኛው ሽማግሌ ጻፍኩላቸው፤ በሳቅ ምልክት ብቻ መለሱ።

25። የ6ኛዋ ባለቤት አዲሱን ስሌት ጠየቀችኝ፤ ባልሽ ሁለት ዓመት ዜሮ ቢሆን፣ በሦስተኛው ግማሽ ቢሠራ፣ እስከ አምስት ዓመት ምን ይመስላል ብላ። አስልቻለሁ። የአገር ውስጡ ሁለት ዓመት ይመራል፤ በሦስተኛው ይቀራረባሉ፤ ከአራተኛው ጀምሮ የውጭው ይቀድማል፤ ያለፈውን ክፍተት የሚሞላው ግን በአምስተኛው መጨረሻ አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያ የማክሰኞ ደብዳቤ በመሀል ካልመጣ ነው። ባሌ ሠንጠረዡን ዓይቶ የእሱን ዓምድ በእርሳስ አረመው፤ ፈተናውን ከገመትሽልኝ ቀድሜ አልፈዋለሁ ብሎ።

26። የምላሽ 1 ባለቤት። ሙሉ ክሩን እንዳላነበበው ግልጽ ነው። አሁንም በወንድ ጽፎ ሄድክ ወይ፣ ሻንጣውስ ተገዛ ወይ ብሎ ጠየቀ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። የሕግ ክፍሉም አልመለሰልኝም።